ሰባተኛው አልጋ

ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ እንጀራዋ ከአንድ ጥቁር ጉድጓድ ነበር። ከጡጫ አይበልጥም፤ ውስጡ ድቅድቅ ጥቁር ተቀብቶ፣ ሙቀቱ በኤሌክትሪክ ተይዞ ንቅንቅ አይልም። ግንባር ሳይነኩ ትኩሳት የሚለኩት ቴርሞሜትሮች በትክክል መለካታቸው እንዲፈተሽ ከየሆስፒታሉ መሥሪያ ቤቷ ድረስ ሲመጡላት ወደ ጉድጓዱ ታነጣጥራቸዋለች። ጉድጓዱን ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ላይ አድርጋ እነሱም ሠላሳ ሰባት ካሉ ትፈርማለች፤ ካላሉ ትጥላለች። ባሏ "ሚስቴ ጉድጓድ ስታይ ነው የምትውለው" እያለ ጎረቤት ያስቃል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ወጣት ነርስ ቴርሞሜትር ይዛ መጣች።

"እትዬ፣ ይሄ ነገር አብዷል። ባዶ አልጋ ላይ ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት ይላል።"

ሴትዮዋ ጉድጓዱ ላይ አነጣጥራ ሦስቴ ፈተሸችው። ዝንፍ አላለም።

"የአልጋው ብረት ያንቺኑ ሙቀት እየመለሰው ይሆናላ።"

"አንሶላው ላይ ነው እኮ!"

ነገሩ ከነከናት። የራሷን መለኪያ ይዛ አብራት ወደ ሆስፒታሉ ሄደች።

ሰባተኛው አልጋ ተነጥፏል። በመዳፏ ስትዳስሰው አንሶላው ቀዝቃዛ ነው። አነጣጠረች፤ ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት። በራሷም መለኪያ ያው። መጋረጃውን ዘጋች፣ ከግድግዳው ጀርባ የሞቀ ውኃ ቧንቧ ፈለገች፤ የለም። ከትራሱ ጀምራ ዝቅ እያለች ለካች። ሙቀቱ የተጋደመ ሰው ያህል ይሄድና ድንገት ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ የክፍሉ ሃያ ሁለት ነው።

"ማን ነበር እዚህ?"

"አንድ ሽማግሌ። ካረፉ ሦስት ቀናቸው። ጠያቂ አልነበራቸውም።" ነርሷ ድምጿን ቀነሰች። "ሲያልፉም አጠገባቸው ማንም አልነበረም።"

ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ምን ሊያደርጉ ነው እትዬ?"

"እኔ እንጃ። ትንሽ ልቀመጥ።"

ምን እንደሚባል ግራ ቢገባት፣ የታመመ ጎረቤት እንደሚያጫውት ሰው ስለ ልጇ ፈተና፣ ስለ አውቶቡሱ ግፊያ አወራች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ለካች፤ ሠላሳ አምስት ነጥብ ስምንት። ወሬዋን ቀጠለች። ሠላሳ ሦስት። ሃያ ዘጠኝ። ከወንበሩ አልተነሳችም። አሥር ሰዓት ላይ አልጋው ሃያ ሁለት አለ።

"መሣሪያው ትክክል ነው" ብላ ፈረመች። አለቃዋ የት እንደዋለች ሲጠይቃት "ሰው ልጠይቅ ሄጄ" አለችው።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ሆስፒታሉ ጎራ ትላለች፤ ጠያቂ የሌለው በሽተኛ ካለ አጠገቡ ትቀመጣለች። ነርሷ የዚያን ቀን ነገር አታነሳባትም። እሷም አታነሳም።