አባቴ ያልሸጠው ዘይት

በጃንሆይ ጊዜ አባቴ መርካቶ፣ ሰባተኛ አጠገብ፣ የኑግ ዘይት ይሸጥ ነበር። እኔ ደግሞ ዳፍንት ነበረብኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዓይኔ ስለሚጨልምብኝ ከሱቁ ወደ ቤት የምሄደው የአባቴን ጋቢ ጨብጬ ነበር።

አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ድሬሰር የሚባለው የጤና ረዳት ዓይኔን አይቶ አንድ ቆርቆሮ ዘይት ሰጠን።

"ጋሼ፣ ይሄ ቪታሚን የተጨመረበት ነው። የልጅቷ ወጥ በዚህ ይሠራ። ጎመንና ካሮትም ከገበታዋ አይጥፋ።"

አባቴ ተቆጣ። "የዘይት ነጋዴ ልጅ የሌላ ሰው ዘይት ትብላ?"

"የእርስዎ ዘይት ጥሩ ነው። ቪታሚኑ ግን የለበትም" አለው ድሬሰሩ በትሕትና።

አባቴ ጎረቤት ነጋዴዎች እንዳያዩበት ቆርቆሮውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወጣ። እናቴም ሽሮዬን ለብቻ በትንሽ ድስት ትሠራልኝ ጀመር።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ምሽት ሱቁን ዘግተን ስንወጣ አባቴ እንደ ልማዱ የጋቢውን ጫፍ ዘረጋልኝ። እኔ ግን ከመንገዱ ማዶ የቆመች አህያ ታየችኝ።

"አባባ፣ የአህያዋ ግንባር ነጭ ነው!"

አህያዋን አየ፤ ዞሮ እኔን አየ። "እስቲ ያቺ ሴትዮ ምን አስራለች?" አለኝ ወደ መንገዱ ማዶ እየጠቆመ።

"ቀይ ሻሽ!"

"ልጄ አየች! ዘይቱ አዳናት!" ብሎ በገበያው መሀል ጮኸ።

"የእርስዎ ዘይት ነው ጋሼ?" አለው ጎረቤታችን ከሱቁ ብቅ ብሎ።

"የእኔ አይደለም! ቪታሚን ያለበት ነው!" አለ አባቴ ደረቱን ነፍቶ። ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ደጋግሞ ሲያወራ፣ እኔ በገዛ ዓይኔ መንገዴን እየመረጥኩ ቤት ቀድሜው ገባሁ።