ኮፋኖው ይከፈት

ኔልዳ ክሬብትሪ የትዳር ዘመኗን ሁሉ መብራት ያዥ ነበረች። በደቡብ ኢንዲያና፣ በፔል ሪጅ መንደር፣ ባል ሞተር ሲፈታ ሚስት የእጅ ባትሪ ይዛ አጠገቡ መቆሟ የታወቀ ነው።

«እዚህ ላይ እንጂ! ግድግዳውን ነው እንዴ የምጠግነው?» ይላታል ባሏ ሆሊስ።

«አንተስ ያንን ትልቅ ጭንቅላትህን ከፊቱ አታነሳም?»

እንዲህ እየተነታረኩ አብረው አረጁ። ታዲያ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ከንቱ አልቀረም፤ የኔልዳ ዓይን ሞተር ለመደ።

ሆሊስ ያችን ቀይ የሣር ማጨጃ፣ ተቀምጠው የሚነዷትን፣ የገዛው ከታናሽ ወንድሙ ከበርል ጋር በአንድ ቀን፣ ከአንድ መደብር ነበር። ማሽኖቹ እንደ መንታ ልጆች አንድ ናቸው፤ አያያዛቸው ግን ለየቅል። ሆሊስ ዕቃ ገና ሲደክም ይቀይራል። በርል ከወንድሙ ይዋሳል፤ የተዋሰው ነገር እሱ ዘንድ ትንሽ ከከረመ ደግሞ «የኔ ነው» ብሎ ድርቅ ይላል። በዚህ የተማረረው ሆሊስ በሚገዛው ዕቃ ሁሉ ላይ የሚስቱን ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ማድረግ ጀመረ። ነጥቧን የምታኖረው እሷው ነበረች፤ አፏን አሹላ፣ እስትንፋሷን ይዛ፣ ልክ የገዛ ጥፍሯን እንደምትቀባ።

አንድ የጸደይ ወቅት ሆሊስ የማሽኑን ቦቢና፣ ያንን ለካንዴላው እሳት የሚልክለትን ክፍል፣ በአዲስ ቀየረው። ኔልዳ ነጥቧን አደረገችበት፤ እሱም ከሞተሩ ቆርቆሮ ልብስ ሥር አስገብቶ በብሎን አሰረው። ጥቂት ሳይቆይ ልቡን ታሞ ሆስፒታል ገባ። «ለሣሩ አታስቡ፣ እኔ አለሁ» ብሎ የመጋዘኑን ቁልፍ የወሰደው በርል ነበር።

ሆሊስ ከሆስፒታል ሲመለስ ማሽኗ ሌላ ሆና ጠበቀችው። ትነሳለች፣ ጥቂት ታጭዳለች፣ ሞተሩ ሲግል ቀጥ ትላለች። ስትቀዘቅዝ እንደገና ትነሳለች። ካርቡራቶሩን አጠበ፣ ካንዴላውን ቀየረ፣ የቤንዚን ማጣሪያውን ጣለ። ቦቢናውን ግን አልነካውም። አዲስ ነው፣ በእጁ ያሰረው ነው፤ ሰው በእጁ ያሰረውን አዲስ ዕቃ እንዴት ይጠረጥራል? በርል በአጥሩ ላይ ተደግፎ ያየው ነበር።

«እጅህ ደክሞ ነው፣ ወንድሜ። ሸምግለሃል፤ ተወው በቃ» ይለዋል።

ያን በጋ በርል በቀበሌው ትርኢት የማጨጃ እሽቅድምድም አሸነፈ። ሆሊስ ከተመልካቹ መሀል ቁጭ ብሎ አጨበጨበለት። በመኸር ሞተ። ከመሞቱ በፊት መዳፎቹን በብርድ ልብሱ ላይ ዘርግቶ፣ «እነዚህ እኮ ድሮ እጆች ነበሩ» አላት።

በሚቀጥለው ዓመት ሣሩ መስኮቱ ሥር ሲደርስ ኔልዳ መጋዘኑን ከፈተች። ቁልፉን ብታዞረው ማሽኗ ትንፍሽ አላለችም። ባትሪውን ሞላች፤ ዝም። ፊውዙን አየች፤ ደህና ነው። ከመቀመጫው ሥር ያለውን ማብሪያ ስታየው ግን ሳቋ መጣ። ሰው ካልተቀመጠበት ሞተሩ እንዳይነሳ የሚያደርገው ነው፤ ጠንካራ ስፕሪንጉ የሆሊስን ክብደት የለመደ ስለሆነ የእሷን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። የፔል ሪጅ ወንዶች ቢሆኑ ሁለቱን ሽቦ ጠምዝዘው ይገላገሉት ነበር። እሷ ስፕሪንጉን በሳሳ ቀየረችው። ማሽኗ ተነሳች፤ ጥቂት አጭዳ ሲሞቃት ቀጥ አለች።

ኔልዳ እንደ ባሏ አላሰበችም። ሞተሩ እንደጋለ ካንዴላውን ፈትታ፣ ጫፉን ከሞተሩ ብረት አስጠግታ ቁልፉን አዞረች። እሳት የለም። ሲበርድ ሞከረችው፤ ሰማያዊ እሳት ቦግ አለ። ስለዚህ የቆርቆሮውን ልብስ ገፈፈችው። ከሥሩ የተቀመጠው ቦቢና አርጅቶ የተሰነጠቀ ነው። ቀይ ነጥብ የለበትም።

ከወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። የመጋዘኑ ቁልፍ በማን እጅ እንደነበረ ለማስታወስ ማሰብም አላስፈለጋት። ስርቆቱ አይደለም ያንገበገባት፤ ሆሊስ ወንድሙ የሰረቀውን በገዛ እጁ ድካም አሳብቦ መሞቱ ነው።

አዲስ ቦቢና መግዛት ትችል ነበር፤ አልፈለገችም። በርል አሮጌውን ራሱ እንዳሰረው ይቆይ። በሩ ላይ ሄዳ መጮህም ትችል ነበር፤ ግን ሁለት ሰው ብቻ የሚያየው ውርደት አይበቃትም። መንደሩ በሙሉ እንዲያይላት ፈለገች። ለዚህ ደግሞ የትርኢቱ ደንብ ነበረላት። ድሮ ድብቅ ሞተር እየገጠሙ ያጭበረበሩ ስለነበሩ፣ ዙሩን የጨረሰ ሁሉ፣ መጨረሻ የወጣም ቢሆን፣ የአሸናፊው ኮፋኖ እንዲከፈት የማዘዝ መብት አለው። ከመቀመጫው የወረደ ግን ከውድድር ወጥቷል።

በትርኢቱ ቀን እንደ ደንቡ የማጨጃ ምላጩ በወለቀላት ቀይ ማሽን መስመሩ ላይ ስትሰለፍ በርል ሳቁን ለቀቀው።

«ኔልዳ፣ የኬኩ ውድድር እኮ በዚያ በኩል ነው!»

«ኬኬንማ ስንት ዓመት በልተኸዋል። ዛሬ ሌላ ነገር ላቅምስህ ብዬ ነው።»

ባንዲራው ወረደ። በርል እንደ ልማዱ ተፈተለከ፤ ኔልዳ ሞተሩ ቶሎ እንዳይግልባት በዝግታ ነዳች። ሁለት ዙር ሲቀራት ማሽኗ ተንተባትባ ቆመች። ሌሎቹ ጨረሱ። በርል እጁን እያውለበለበ ወረደ፤ ኔልዳ በሜዳው መሀል፣ በሐምሌ ፀሐይ፣ ተቀምጣ ቀረች።

«ውረጂ እንጂ፣ አለቀ!» አሉ ሰዎች። አንዷ ሎሚናት አቀበለቻት፤ ኔልዳ በእርጋታ ጠጣች። በመዳፏ የሞተሩን ልብስ ነካች፤ ይፋጃል።

በርል መጥቶ እጁን ዘረጋላት። «ነይ የኔ እመቤት፣ ፀሐዩ ይደፋሻል። ሆሊስ ቢኖር...»

«የሆሊስን ስም በአፍህ አታንሳ።»

«ምን አደረግኩሽ? ላውርድሽ ነው ያልኩት።»

«እሱ ነው እኮ፤ እንድወርድ ትፈልጋለህ።»

ሰዉ ግማሹ ወደ ምግቡ ድንኳን ሄደ። እሷ ሞተሩን በመዳፏ እየዳሰሰች ጠበቀች። በመጨረሻ ብረቱ እጇን የማያቃጥል ሆነ። ቁልፉን አዞረች። ማሽኗ አስነጠሰች፣ ተነሳች። ቀሪዎቹን ሁለት ዙሮች እንደ ቀብር ሰልፍ እየተሳበች ጨርሳ መስመሩን አለፈች። ሰዉ በሳቅ አጨበጨበ።

የውድድሩ ዳኛ ጋርላንድ፣ ጡረታ የወጣ የተማሪዎች አውቶቡስ ሹፌር ነው። ኔልዳ ሳትወርድ ጠራችው።

«ጋርላንድ፣ የአሸናፊው ኮፋኖ ይከፈት።»

ሳቁ ቆመ።

«አብዳለች እንዴ!» አለ በርል። «መጨረሻ ወጥታ?»

«ጨርሳለች» አለ ጋርላንድ። «ደንብ ደንብ ነው። ክፈተው።»

«የሞተሩንም ልብስ አውልቁት» አለች ኔልዳ። «ቦቢናው በግራ ጎኑ ቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አለበት። ከሌለ እዚሁ ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

 ጋርላንድ ራሱ ብሎኑን ፈታ፣ አጎነበሰ፣ ቀና አለ። ለሰዉ ቦታ ለቀቀ። ነጥቧ እንደ ቀይ ወጥ ጠብታ ቁጭ ብላ ነበር። ፔል ሪጅ ውስጥ የሆሊስን ቀይ ነጥብ የማያውቅ ሰው የለም።

«ሊሞት ለነበረ ሰው ምን ይሠራለት ነበር?» አለ በርል በቀስታ።

«ሣሩን ያጭድበት ነበራ። እጁም እጅ መሆኑን ያውቅ ነበር።» ከቦርሳዋ የብሎን መፍቻ አውጥታ ሰጠችው። «ፍታና መልስ። ያንተንም ውሰድ።»

በርል በመንደሩ ሰው ፊት ተንበረከከ፤ ቦቢናውን ከራሱ ማሽን ፈቶ በሷ ማሽን ላይ አሰረ፤ የተሰነጠቀውን በራሱ ማሽን ላይ መለሰ። ብሎኑ ሁለቴ ወደቀበት። ኔልዳ በጠራራ ፀሐይ የሆሊስን የእጅ ባትሪ አብርታ ያዘችለት።

«እዚህ ላይ ነው አይደል?» አለችው። «ወይስ ግድግዳውን ነው የምትጠግነው?»

አመሻሽ ላይ ኔልዳ ምላጩን መልሳ ገጥማ ግቢዋን ታጭድ ነበር። ማሽኗ ግላ፣ ሣር እየተፋች፣ አንዴም አልቆመችም። በርል በማሽኑ ወደ ቤቱ ሲሄድ በሯ ፊት ለፊት ሲደርስ ሞተሩ ተንተባተበና ቀጥ አለ። ወርዶ መግፋት ጀመረ። መንገዱ ዳገት ነው። ወደ አጥሩ ተጠግቶ ቆመ፣ ላቡን ጠረገ፣ የሆነ ነገር ለማለት አፉን ከፈተ።

ኔልዳ ሳትወርድ ቀደመችው።

«እጅህ ደክሞ ነው፣ በርል። ሸምግለሃል፤ ተወው በቃ።»

መሪዋን አዞረችና የሚቀጥለውን መስመር ጀመረች።