ሰባት እንዳለ ይቀመጣል

እርጥብ የሰሌዳ መጥረጊያ ጨርቅ ሽታው ይገርምሃል፤ ጠመኔና ውኃ ተቀላቅሎ አፍንጫ ውስጥ ይቀራል። ባለፈው ሰሞን ለወላጆች ስብሰባ የልጄ ክፍል ገብቼ ያ ሽታ ሲመታኝ ቢቸና፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ከሞጣዋ ልጅ ጎን ተመልሼ ቁጭ አልሁ።

በዓመቱ መጀመሪያ ከሞጣ ተዛውራ መጣችና ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ አስቀመጧት። እስከዚያ ድረስ ከክፍሉ አንደኛ የምወጣው እኔ ነበርሁ፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር እሷ ወጣች። ከዚያ ወዲያ የእስክሪብቶዋ ድምፅ ሳይቀር ያንገሸግሸኝ ጀመር። ክርኗ ወደ እኔ ካለፈ እገፋዋለሁ። ክርኗን ሰብስባ መጻፏን ትቀጥላለች፤ ይሄ ይበልጥ ያናድደኛል።

በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ዴሪቬቲቭ የሚባለው ትምህርት የተጀመረ ሳምንት ታይፎይድ ይዟት ቀረች። ሰኞ ፊቷ ገርጥቶ መጣችና "እባክሽ ደብተርሽን አውሺኝ" አለችኝ።

"ደብተር ምን ያደርግልሻል? ኤክስ ላይ ያለው ቁጥር ወርዶ ይባዛል፣ ከላይ አንድ ይቀነሳል፤ በቃ።"

"ብቻውን ያለው ቁጥርስ?"

ዜሮ እንደሚሆን አሳምሬ አውቅ ነበር። "እንዳለ ይቀመጣል" አልኋት።

በዚያው ቀን የሒሳብ መምህሩ ለዞኑ ውድድር አንድ ተማሪ ሊመርጡ ሁለታችንን በየተራ ወደ ሰሌዳ ጠሩን። እኔ የእኔን ሠርቼ ተቀመጥሁ። ለእሷ ሦስት ኤክስ ስኩዌር ሲደመር አምስት ኤክስ ሲደመር ሰባት ሰጧት። በመስኮቱ በገባው ፀሐይ የጠመኔው ብናኝ እጇ ላይ ሲበን ይታየኛል። ስድስት ኤክስ ሲደመር አምስት ብላ ጻፈች። ትንሽ ቆመችና ሰባትን ጨመረች።

"ይቺ ሰባት እዚህ ምን ትሠራለች? ማን ነው ያስተማረሽ?" አሉ መምህሩ። ክፍሉ ሳቀ።

ዞር ብላ አየችኝ። ደብተሬ ላይ አቀረቀርሁ።

"ተሳስቼ ነው" ብላ ጠመኔውን አስቀመጠች።

ለውድድሩ እኔ ተመረጥሁ። እሷ በማግስቱ ዴስክ ቀየረች፤ እስክንለያይ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችኝም። እኔ ደግሞ ስላላጋለጠችኝ ይበልጥ ጠላኋት። ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይሄኛው ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሞጣ ላይ የባሕር ዳር ሚኒባስ ስጠብቅ ራሴን አመመኝና መድኃኒት ቤት ገባሁ። ነጭ ጋውን ለብሳ ከባንኮኒው ኋላ የቆመችው እሷ ነበረች። አውቃኛለች፤ ዓይኗ ላይ አየሁት። ይቅርታ ልላት አፌን ከፈት አድርጌ ነበር።

"ከምግብ በኋላ ይውሰዱት" አለችኝ ክኒኑን እየጠቀለለች። "ሌላ የሚፈልጉት አለ?"

"የለም" አልሁ። እኔም አንቺ ለማለት ድፍረት አጣሁ።