ተማሪዋን ሐኪም የዋሸኋት ነገር

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት... ሸሚዜን አውልቄ አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ ስድስት የሕክምና ተማሪዎች ተራ በተራ ልቤን ያዳምጡ ነበር።

ምን አለሽ ተራ ገበያ ውስጥ ከአሮጌ ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ እየሠራሁ ነው የምኖረው። ሰሞኑን መዶሻ ባነሳሁ ቁጥር ትንፋሽ ሲያጥረኝ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሞች የሚማሩበት ስለሆነ በሽተኛውን ከበው ነው የሚቆሙት። መጀመሪያ አፈርኩ። በኋላ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ሰው እጁን ትከሻዬ ላይ ካሳረፈ ስንት ጊዜው...

ሌሎቹ ሲሄዱ አንዷ ተማሪ ቀርታ ትጠይቀኝ ጀመር። ምን እንደምበላ፣ እንቅልፍ እንዴት እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደምኖር። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር አልኳት።

ለምን እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። ሚስትም ልጅም የለኝም። አማኑኤል አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን ነው ያለሁት።

ጽፋ ሄደች። ቆይታ ከአስተማሪዋ ጋር ተመለሰች። እሳቸውም ቀደም ብዬ የተነሳሁትን የልብ አልትራሳውንድ አይተው፣ የልቤ ጡንቻ እንደወፈረና መድኃኒት እንደምጀምር አስረዱኝ። ቀጥለው፣ በሽታው በዘር ሊተላለፍ ስለሚችል ልጆቼም መመርመር አለባቸው አሉኝ። ተማሪዋ ቀጠሮ ልትይዝላቸው እስክሪብቶዋን አዘጋጀች።

«ስማቸውን ይንገሩኝ ጋሼ።»

ከአልጋው ቀና አልኩ። «ልጆች የሉኝም የኔ ልጅ... ሚስትም የለኝ። ዋሽቼሽ ነው።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። የጻፈችውን ሰረዘችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ታዲያ ቢያምዎት ለማን እንደውል?» አለችኝ።

አሰብኩ... አሰብኩ... የመጣልኝ ከድር ብቻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አጠገብ ላጠገብ ቁጭ ብለን ቆርቆሮ ቀጥቅጠናል። ስልኩን ግን አላውቀውም። የአባቱንም ስም አላውቅም።

ከዚያ እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ እሱ ሄድኩ። ሆስፒታል የማስመዘግበው ሰው ስለጠየቁኝ ስልኩን እንዲሰጠኝ ነገርኩት። መዶሻውን አስቀምጦ ምን ሆነህ ነው አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት፣ የዋሸሁትንም ጭምር። አልሳቀም። ቁጥሩን ከነአባቱ ስም አስጻፈኝና የራሱን ስልክ ከኪሱ አወጣ።

«ያንተንም ንገረኝ» አለኝ። «እኔም የሚደወልለት ሰው የለኝም።»

እሱን ለመጠየቅ ልቤ እስኪታመም መጠበቄ ነው የሚቆጨኝ።