ለዒምራን ጀርባ የወጣ ደቦ

ዒምራን ሀቢቡላህ ከመደብ የሚነሣው እንደ ሌላ ሰው አይደለም። ሁልጊዜ ለሱብሒ ሰላት ሲነቃ መጀመሪያ በጎኑ ይዞራል፤ እግሮቹን ወደ መሬት ያወርዳል፤ ከዚያ የቤቱን ምሰሶ በሁለት እጁ ይዞ ቀስ እያለ ይቆማል። ጧት አንገቱ ለብቻው ስለማይዞር ሚስቱ ሩፋይዳ ስትጠራው መላ ሰውነቱን ያዞራል።

«እንደ በር ነህ እኮ» ትለዋለች።

«በርም ቅባት ይፈልጋል። ገንፎው ላይ ቅቤ አብዢበት።»

ዕድሜው ሠላሳ አልሞላም። ቤቱም ማሳውም ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ነው። ሕመሙ ከጀመረው ዓመታት አልፈዋል፤ ሌሊት ወገቡን ይነክሰዋል፣ ጧት እንደ እንጨት ያደርቀዋል፣ እርፍ ጨብጦ ጥቂት ትልም ካወጣ በኋላ ግን ይለቀዋል። ይህን ለማንም አልተናገረም። ሲሠሩ የሚሻል፣ ሲተኙ የሚብስ በሽታ አለብኝ ቢል ማን ያምነዋል?

በጥር ወር የወጣቶችን የጀርባ ሕመም የሚያጠኑ ሐኪሞች ከደሴ ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል መጡ፤ ዒምራንም ሊታይ ሄደ። ከመካከላቸው ብዙአየሁ የምትባለው መጀመሪያ የጠየቀችው ይህንኑ ነበር፦ «ስትተኛ ይሻልሃል ወይስ ስትንቀሳቀስ?» ዒምራን ደነገጠ፤ እውነቱን ነገራት። ደም ተወሰደ፣ ራጅ ተነሣ። የአከርካሪ መገጣጠሚያዎቹ በብግነት ተጎድተዋል፤ ካልተጠነቀቀ አጥንቶቹ እየተጣበቁ ሊሄዱ ይችላሉ። ኪኒን አዘዘችለት፣ እንዲንቀሳቀስ መከረችው፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ እንዲያጎነብስ አድርጋ ከጣቶቹ ጫፍ እስከ መሬት ያለውን ርቀት በሜትር ለካች። በሰኔ ተመልሳ ደግማ ትለካለች።

ዒምራን የአከርካሪ በሽታ ተገኘበት የሚለው ወሬ ከእሱ ቀድሞ መንደር ገባ። የአጥር ጎረቤቱ አያ ንጉሡ ደቦ ጠሩ። እስላሙም ክርስቲያኑም ጥማዱን እየነዳ መጣ። የበልግ ዝናብ ከጣለ ጀምሮ ማሳው በሰው እጅ ሲታረስ፣ ዒምራን ጋቢ ተደርቦለት ጥላ ሥር ተቀመጠ። ጀሪካን እንኳ ቢያነሣ፣ «አብሽር፣ አንተ ዕረፍ!» እያሉ ይቀሙታል።

በሰኔ ሐኪሟ ተመልሳ ሆስፒታሉ መጣች። ጣቶቹ ከመሬት ርቀው ቆሙ፤ በጥር ከነበሩበትም ከፍ ብለው።

«ኪኒኑን አቋርጠሃል?»

«ኧረ አንድም ቀን!»

«ታዲያ ምን ስትሠራ ከረምክ?»

«ምንም። ደቦ ወጥቶልኝ ነው።»

ሐኪሟ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ኮስተር አለች። «እንዲህ ከቀጠልክ ደርቀህ ትቀራለህ። ከባድ ሸክም ተው እንጂ እረስ።»

መናገሩ ቀላል ነው። ደቦ አልፈልግም ማለት ግን ጎረቤት አልፈልግም ማለት ነው። ዒምራን መንገዱን ሁሉ ሲያስብ መጥቶ፣ ቤቱ ሳይገባ ከንጉሡ ደጃፍ ቆመ።

«አያ ንጉሡ፣ አላህ ይስጥልኝ። ደቦው ግን ይቅርብኝ።»

«ምነው? ትልሙ ጠመመብህ?»

«ትልሙስ ከእኔም ይሻላል። ጀርባዬ ነው፤ ባረፍኩ ቁጥር ይደርቃል። ሐኪሟ እረስ ብላኛለች።»

ንጉሡ ክርስቲያን ናቸው፤ መሐላ ሲያጥራቸው ግን ከጎረቤት ይዋሳሉ። «ወላሂ፣ እንዲህ ያለ በሽታ ሰምቼ አላውቅም!» አሉ። ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል። «ሰውስ ምን ይለኛል? የታመመ ጎረቤቱን ጣለ አይለኝም?»

«እንግዲያው ውለታዬን ልመልስ። የእርስዎን ማሳ እኔ ልረስልዎ። ሰው ውለታ መለሰ ይላል፣ ጀርባዬ ደግሞ መድኃኒቱን ያገኛል።»

ንጉሡ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እኔንም እኮ ጉልበቴን ያመኛል። የእኔ መድኃኒት ተቀምጦ ሰው ሲያርስ ማየት ይሆን?»

«ሐኪሟን እጠይቅልዎታለሁ።»

ሐሙስ የንጉሡ የታችኛው ማሳ ይታረሳል። ዘሩን ሌላ ሰው ይሸከማል፤ እርፉን የሚይዘው ዒምራን ነው።