እትዬ ስንቄ የተቀመጡበት ሳጥን

እትዬ ስንቄ የሞጣ ሴት ነበሩ። ጠላ ይሸጡ ነበር፤ ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ቤት ደግሞ ለመንገደኛ ያከራዩ ነበር። ባላቸው በወባ ሞተዋል፤ ልጅ አልነበራቸውም። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ወፍራም ነው። በልጅነታቸው ለአንድ ባላባት ቤት በገረድነት ተሰጥተው እዚያ እንዳደጉ የነገሩኝ ኋላ፣ እኔም ካገባሁ በኋላ ነው።

ያወቅኋቸው በ1963 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አገሬ ቢቸና ነው። በትምህርት ቤታችን የወላጆች በዓል ላይ እስክስታ ስንመታ፣ ሣህለ ማርያም የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው አየን። ለቴሌቪዥን ልጆች እየመረጥኩ ነው አለ። ቢቸና ውስጥ ቴሌቪዥን ያየ ሰው አልነበረም፤ አስተማሪዎቻችን እንኳ የሚያውቁት በወሬ ነው። ከሁሉም መካከል እኔንና ፅጌረዳ የምትባለውን የሰባት ዓመት ልጅ መረጠ። አባቴን፣ "አዲስ አበባ አስተምራታለሁ" አላቸው። አባቴ መርቀው ሰጡኝ። የፅጌረዳ እናት እንጨት ለቅማ እየሸጠች የምትኖር ድሃ ነበረች፤ ምንም አልጠየቀችም።

መጀመሪያ የወሰደን ሞጣ ነው። ማሲንቆ የሚመታለት ውበቴ የሚባል ሰው እዚያ ስለነበር፣ ጭፈራውን እስክንለማመድ የእትዬ ስንቄን ትንሽ ቤት ተከራየ። እሳቸው ምግብ እንዲሠሩልንና ልብሳችንን እንዲያጥቡልን ተስማሙ።

የገባን ዕለት ከቤቱ ጥግ አንድ የእንጨት ሳጥን አስቀመጠ። ፊት ለፊቱ መስታወት ነው። ቀይ ጨርቅ ጣል አደረገበት።

"ይህ ቴሌቪዥን ነው" አለን። "ሰው ቴሌቪዥን ያያል ሲባል ሰምታችኋል። እሱም ሰውን ያያል። እኔ ስወጣ ያደረጋችሁትንም ያወራችሁትንም ይነግረኛል።"

አመንነው። ሬዲዮ ከሩቅ አገር የሚናገር ከሆነ ቴሌቪዥን ከሩቅ አገር የሚያይ መሰለን።

ከጠዋት ጀምሮ እንጨፍራለን። ትከሻችን ሲዝል በወይራ አርጩሜ ባታችንን ይገርፈናል፤ ባታችንን ቀሚስ ይሸፍነዋል። እየተገረፍንም ፈገግ ማለት ነበረብን። ፈገግታው ከጠፋ ምሳ የለም። "ሰው ሲጠይቃችሁ ፈገግ። ሲያማችሁም ፈገግ። ቴሌቪዥን የሚያለቅስ ልጅ አይወድም" ይለን ነበር። እሱ ሲወጣም ሳጥኑ ይቀራል። ስለዚህ ግድግዳ ተደግፈን፣ ሳንነጋገር፣ ፈገግ እንዳልን እንቀመጣለን። ፅጌረዳ መኝታዋ ላይ መሽናት ጀመረች።

እትዬ ስንቄ ጋቢያችንን ሲያጥቡ ደም አዩበት።

"ማናዬ፣ እግርሽን ምን ነካው?" አሉኝ።

ፈገግ አልኩ።

"ምን ያስቅሻል አንቺ?"

አሁንም ፈገግ አልኩ። ትክ ብለው አዩኝና ጋቢውን ይዘው ወጡ። እሳቸውም ሳጥኑን እንደሚፈሩት የገባኝ ኋላ ነው፤ እንጀራችንን አስቀምጠው ሲወጡ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ይስባሉ። አንድ ቀን ግን ሣህለ ማርያም በሌለበት ገብተው ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ገለጥ አደረጉት። ጎንበስ ብለው አዩ።

"ባዶ ነው" አሉ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉና ደግሞ፣ "ወይስ እንዲህ ነው የሚሆነው?"

እኛ ምን እናውቃለን። ፅጌረዳ ፊቷን በቀሚሷ ሸፈነች። እትዬ ስንቄ ጨርቁን መልሰው ቶሎ ወጡ።

ያን ዕለት ውበቴን ጠላ እየቀዱ ሲጠይቁት በር ላይ ሆኜ ሰማሁ።

"ከነዚህ በፊት የወሰዳቸው ልጆች አሉ?"

"አሉ እንጂ።"

"ቴሌቪዥን ላይ ወጡ?"

"አንድ ሁለት ጊዜ ወጥተዋል። ሌላውን ቀን ጠጅ ቤት ያስጨፍራቸዋል። ሰካራሙ ሁሉ ይጎትታቸዋል።"

"ወደ እናታቸው የተመለሰ አለ?"

ውበቴ የማሲንቆውን ጭራ እየወጠረ፣ "እኔ ማሲንቆ መቺ ነኝ እትዬ ስንቄ። የልጅ ጠባቂ አይደለሁም" አላቸው።

ብዙም ሳይቆይ ወደ አዲስ አበባ የምንሄድበት ቀን ደረሰ። ጤፍ በጫነ መኪና፣ ከጆንያው በላይ አወጡን። ሳጥኑንም መስታወቱን ወደ እኛ አዙረው አጠገባችን ጫኑት። ሣህለ ማርያም ጋቢና ሊገባ ሲል እትዬ ስንቄ ነጠላቸውን አጣፍተው ደረሱ።

"ጌታው፣ ቢቸና ዘመድ ልጠይቅ ነበር። ትንሿን ልጅ መኪና ያስመልሳታል፤ ይዣት ልሂድ።"

"ቢቸና ትወርጃለሽ" አላቸው።

"እወርዳለሁ እንጂ። አዲስ አበባ ማን ያውቀኛል።"

ጉንደ ወይን የምትባለውን ከተማ እስክናልፍ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ከሳጥኑ ዞረው ተቀመጡ። የፅጌረዳን ራስ ደረታቸው ላይ ይዘዋል። እስከዚያ ቀን የሚፈሩት ልጆች ብቻ ይመስሉኝ ነበር። ትልቅ ሰው ሲፈራ ሳይ የእኔ ፍርሃት ባሰ።

ቢቸና ገበያ ቆሞ ነበር። መንገዱ በሰውና በከብት ስለተሞላ መኪናው እየቆመ ይሄዳል። ሣህለ ማርያም በመስኮቱ ብቅ ብሎ ሸራውን እንድንለብስ አዘዘን። በሸራው ቀዳዳ አባቴን አየኋቸው። የበሬ አፍ ከፍተው ጥርስ ያያሉ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ብጠራቸው ይሰሙኝ ነበር። ሳጥኑ ግን አጠገቤ ነው። አልጠራኋቸውም። አለፍናቸው።

እትዬ ስንቄ ሸራውን ገፈው ጆንያው ላይ ቆሙ።

"በሕግ አምላክ" አሉ። "በንጉሥ አምላክ፣ ይህ መኪና አንድ ስንዝር እንዳይሄድ።"

በዚያ ዘመን እንዲህ የተባለ ሰው ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ከቦታው አይነቃነቅም። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ገበያተኛው ከበበን። የአጥቢያው ዳኛ ለገበያ ወጥተው ስለነበር አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ በርጩማ አቀረቡላቸው።

"ከሳሽ ማን ነው?" አሉ ዳኛው።

"እኔ ነኝ ጌታዬ። ስንቄ እባላለሁ፣ ከሞጣ።"

"የልጆቹ ምናቸው ነሽ?"

"ምናቸውም አይደለሁ። ልብስ አጣቢያቸው ነኝ።"

ሰው ሳቀ። ሞጣ የሚያውቃቸው፣ ወይፈን የያዘ አንድ ሰውዬ፣ "ሞጣ ጠላው አልሸጥ ሲላት ክስ ይዛ መጣች" አለ።

ሣህለ ማርያም ኮቱን አራገፈና ለስለስ ባለ ድምፅ፣ "አባት ወዶ ነው የሰጠኝ። እዚህ ካለ ይጠየቅ" አለ።

አባቴ ሰዉን እየገፉ ደርሰው ነበር። አንገታቸውን ደፍተው፣ "እውነት ነው። ያስተምርልኛል ብዬ ሰጥቻለሁ" አሉ።

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። "ነይ ልጄ። ይህ ሰው በድሎሻል?"

ፈገግ አልኩ።

"አያችሁ፣ ደስ ብሏታል" አለ ሣህለ ማርያም።

ፅጌረዳንም ጠየቋት። እሷም ፈገግ አለች፤ ሽንቷ ግን በእግሯ ወረደ።

"ሴትዮ፣ የሚያስረዳልሽ ከሌለ ሰውየው መንገዱን ይሂድ" አሉ ዳኛው።

እትዬ ስንቄ የእኛን ዓይን አዩ። ሁለታችንም የምናየው መኪናው ላይ ያለውን ሳጥን ነበር። ረዳቱን፣ "ያን አውርድልኝ" አሉት። ሣህለ ማርያም፣ "የመንግሥት ዕቃ ነው፣ እንዳትነካው" አለ። ረዳቱ ዳኛውን አየ፤ ዳኛው አውርድ ብለው በአገጫቸው ምልክት ሰጡት።

ሳጥኑ ወረደ። እትዬ ስንቄ ፊቱ ቆሙ። ባዶ ይሁን ዓይን ይኑረው እሳቸውም አላወቁም። ድንገት መስታወቱን ወደ መሬት ደፉትና ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተቀመጡበት።

"ይኸው" አሉን። "ከፊቱ አፈር ነው፣ ከላዩ የእኔ ቂጥ። እንግዲህ ምን ያያል?"

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ዳኛውም ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ፅጌረዳ ብቻ አልሳቀችም።

"አሁን አይሰማም?" አለቻቸው።

"እስቲ ይሞክር።"

ፅጌረዳ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች። ሳቁ ቆመ። ያልሻረው ሰንበር ላይ አዲስ ሰንበር ነበር። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ፣ "ይገርፈናል፤ ምሳም ይከለክለናል" አልኩ። ይህን ስል ፈገግታው ከፊቴ አልወርድ አለኝ። አባቴ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "በቃ ልጄ፣ አትሳቂ" አሉኝ። አልቻልኩም።

ዳኛው እኛን ለወላጆቻችን መለሱ። ሣህለ ማርያም ዋስ ጠርቶ ወረዳ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አዘዙ። ዋስ የሚሆነው አላገኘም፤ የእጅ ሰዓቱን አስይዞ ሄደ። በቀጠሮው ቀን አልመጣም። ከእኛ በፊት የወሰዳቸውን ልጆች የጠየቀ አልነበረም።

በትምህርት ቤት ልጆቹ "ቴሌቪዥን" እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ተውኩት።

ሳጥኑን እትዬ ስንቄ ወሰዱት። በዓመቱ ሞጣ ልጠይቃቸው ስሄድ ዶሮ አስታቅፈውበት አገኘሁ። እኔ አልቀረብኩም።

"አሁንም ትፈሪዋለሽ?" አሉኝ።

"እርስዎስ?"

"እኔማ ያን ቀን ስቀመጥበት ይነክሰኛል ብዬ ነበር።"

እሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ቴሌቪዥን ቢቸና ደረሰ። ጎረቤት ጠርተውኝ አንድ ጊዜ ሄጄ አየሁ። ሕፃናት ይዘፍኑ ነበር፤ ሁሉም ፈገግ ብለዋል። ሰው ያጨበጭባል። እኔ እግራቸውን ለማየት ተጠጋሁ። እስከ ጉልበታቸው ነጭ ካልሲ አድርገዋል።