ሽማግሌ የተላከለት አሰልጣኝ

ልጅ እያለሁ ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል የሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ከማውቃቸው ፈረንጆች ሁሉ ትርሲት ብሎ ስሜን አስተካክሎ የሚጠራኝ ዶናል ብቻ ነበር። አየርላንዳዊ ነው። ቀን ግንባታ ላይ ሲሠራ ይውልና ሲሚንቶ የነካው ሱሪውን እንኳ ሳይቀይር ከሕንፃችን ጀርባ ወዳለው ሜዳ ይመጣል። የእርጥብ ሣርና የፕላስተር ሽታ ዛሬም እሱን ያስታውሰኛል። የሚያስተምረን ሀርሊንግ የሚባለውን የአገሩን ጨዋታ ነበር፤ ጫፉ ሰፋ ባለ በትር ትንሽ ጠንካራ ኳስ እየመቱ መሮጥ ነው። አባዬ የመጀመሪያ ቀን አጥሩን ተደግፎ ሲያይ ቆየና «ይሄማ የኛው ገና ነው!» ብሎ ሳቀ። ሴት ልጅ በትር ይዛ ምን ትሠራለች ያሉትን ጎረቤቶች ሁሉ አፍ ያስያዘልኝም አባዬ ነው።

ዶናል ስለ ራሱ ብዙ አያወራም። ዝናብ ሲይዘን ሕንፃው መግቢያ ላይ ተጠልለን በጥያቄ ስናዋክበው ነው የሰማነው። በሰባት ዓመቱ አባቱ ባሳጠረለት በትር ጀመረ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ለአውራጃው ቡድን ተመረጠ፤ ሁለት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም ተሸነፈ። የሁለተኛውን ፍጻሜ ግማሽ ያህል በተሰበረ ጣት ነበር የተጫወተው። ጨዋታው ደሞዝ የለውም፤ በማግስቱ ወደ ሥራ ነው። በኋላ ቶሮንቶ መጥቶ ጉልበቱ እምቢ እስኪለው ተጫወተ፣ ከዚያ ማሰልጠን ያዘ። አንድም ልጅ ከዳር አስቀምጦ አያውቅም። የመጣ ሁሉ በየተራ ይገባል፤ ሕጉ ይኸው ነበር።

ጣጣውን ያመጣበትም ይኸው ሕግ ነው። አንድ ሰመር ለፍጻሜ ደረስንና በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። ዶናል በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የክለቡን ሊቀ መንበር ልጅ አስወጥቶ እኔን አስገብቶ ነበር። ሊቀ መንበሩ ሜዳው መሀል መጣና «ይሄ የሕፃናት ማቆያ አይደለም!» አለው። በተሰበረ ጣት ፍጻሜ የተጫወተን ሰው፣ በትር ጨብጦ የማያውቅ ሰውዬ ስለ ማሸነፍ ሊያስተምረው! ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል።

ብዙም ሳይቆይ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። የኛዎቹ ወላጆች ሳምንቱን ሙሉ እቤታችን እየመጡ «ግፍ ነው! ዝም አንልም!» ሲሉ ሰንብተዋል። እኔ ልተረጉምለት አባዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሊቀ መንበሩ ዶናል እንዲነሳ ሐሳብ መቅረቡን ተናገረና «የሚቃወም አለ?» ብሎ ጠየቀ። በሹክሹክታ ተረጎምኩ። አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። ልነሳ ስል አባዬ ክንዴን ያዘኝ።

«ዝም በይ። ሰውን በጉባኤ ፊት አያሳፍሩም። ሽማግሌ እንልክበታለን።»

ዶናል ከኋላ ቆሞ ነበር። እኛን አንድ በአንድ አየን፤ ከዚያ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። መዝገቡ ላይ «ተቃዋሚ የለም» ተብሎ ተጻፈ።

ቅዳሜ ጠዋት አባዬ፣ የሕንፃችን አንጋፋ ጋሽ ታደሰ እና አንድ ሌላ ጎረቤት ሱፍ ለብሰው፣ ነጠላ ደርበው ኢቶቢኮ ወደሚገኘው የሊቀ መንበሩ ቤት ሄዱ። አስተርጓሚ እኔ ነኝ። ሰውዬው በፒጃማ በሩን ከፈተ። ጋሽ ታደሰ ከጤና ይስጥልኝ ጀምረው፣ ቤተሰቡን መርቀው፣ ቀስ ብለው ወደ ጉዳዩ ገቡ። ሰውዬው ግራ ገብቶት እያየኝ «ስብሰባው ላይ ነበሩ አይደል? ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገሩም? ቮቱ አልቋል» አለና በጨዋ ደንብ በሩን ዘጋ።

ጋሽ ታደሰ ደረጃው ላይ ቆመው ቀሩ። «ሽማግሌ ከደጅ ይመለሳል እንዴ?»

«ይቅር፣ ጋሼ፣ እንሂድ» አላቸው አባዬ።

ሊቀ መንበሩን አልወቅስም አልልም፤ እወቅሰዋለሁ። የበለጠ የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሽምግልናው ስላልተሳካ አፈሩ፣ ስላፈሩም ዶናል ዘንድ ሄዶ የነገረው የለም። ሜዳው ዳር ከሩቅ ሲያዩት እንኳ መንገድ ቀየሩ። እኔም እንግሊዝኛው ነበረኝ፣ እግሩም ነበረኝ፤ አልሄድኩም። ክረምቱ ሳይገባ ዶናል አገሩ ተመለሰ።

ዛሬ የራሴ ልጆች ትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ እጄን ሳወጣ «ማም፣ ፕሊስ!» እያሉ ይሸሸጋሉ። ይሸሸጉ። ያን ዘመን እወደዋለሁ፤ ጎረቤት ሁሉ የጎረቤትን ልጅ እንደራሱ የሚያይበት ጊዜ ነበር፤ እንዲህ ያለ ፍቅር ዛሬ አላይም። ዝምታቸውን ግን ይቅር ማለት አቃተኝ። አባዬ አርጅቷል፤ የዶናል ስም ሲነሳ አሁንም ደረቱን ነፍቶ «ሽማግሌ ድረስ ልከንለት ነበር እኮ!» ይላል።

ዶናል ይህን አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ እንደተስማማንበት ነው።